አቅምን መሠረት ያደረገ የነርስ እንክብካቤ በሥራ ላይ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በሰሜን ሸዋ ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች ለሚሠሩ ነርሶችና አዋላጆች፣ ለተግባር ልምምድ ለሚመጡ ተማሪዎችም የተዘጋጀ።

አቅምን መሠረት ያደረገ እንክብካቤ ሲባል ምን ማለት ነው?

ታካሚው የጎደለውን ብቻ ሳይሆን ያለውንም መዝግቦ፣ ያንን ያለውን ነገር ለሕክምናው ሥራ ላይ ማዋል ነው። ያለው ነገር ሲባል የሚያውቀው፣ በእጁ የሚሠራው፣ የለመደው ሰዓት፣ ምክሩን የሚሰማው ሰው፣ ሲቸገር የሚደርስለት ጎረቤት ሁሉ ይገባበታል። ምርመራው፣ መድኃኒቱና የቫይታል ሳይን (የሙቀት፣ የልብ ምት፣ የትንፋሽና የደም ግፊት) ክትትሉ እንዳሉ ይቀጥላሉ፤ አንዱም አይቀነስም።

መለያው የተገኘው አቅም ከአንድ የተወሰነ ተግባር ጋር መታሰሩ ነው። «እናታችን ብርቱ ሴት ናቸው» ተብሎ ካርድ ላይ ቢሰፍር ሙገሳ ነው፤ ለማንም አይጠቅምም። «የበግ ፀጉር ሲፈትሉ የኖሩ ናቸው፤ ጣታቸው አይንቀጠቀጥም፣ ዓይናቸው ግን የሲሪንጁን ቁጥር አይለይም። ኢንሱሊኑን መውጋት እሳቸው ይለማመዳሉ፤ መጠኑን 6ኛ ክፍል የምትማረው የልጅ ልጃቸው ታነባለች» ተብሎ ሲጻፍ ግን የማታዋ ተረኛ ምን እንደምታስተምርና ለማን እንደምታስተምር ታውቃለች።

ሐሳቡ ከየት መጣ? ለእኛ አገርስ ይሆናል?

መነሻው ካናዳ፣ ሞንትሪያል የሚገኘው ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ነው። ሞይራ አለን ቤተሰብንና ጤናን መሐል ላይ ያደረገ የነርስ ሞዴል እዚያ ቀርጸው ነበር፤ ሎሪ ጎትሊብ ከዚያ ተነሥተው አሠራሩን በስምንት እሴቶች አደራጅተው በ2013 እ.ኤ.አ. አሳተሙት። ከስምንቱ ውስጥ ሁለቱ እዚህ አካባቢ ከሌሎቹ ይልቅ ይሠራሉ፦ ሰውና የሚኖርበት ቦታ መጣጣም አለባቸው የሚለው፣ እና ሰው የሚማረው ለመማር ዝግጁ በሆነበት ሰዓት ነው የሚለው።

ይሆናል፤ የሚጠይቀው መሣሪያም በጀትም ስለሌለ። ነገር ግን እንዳለ አይገለበጥም። በእኛ ዋርድ አስታማሚው ቀንና ሌሊት አልጋው ሥር ነው፤ የነርሷ ታካሚዎች ብዙ ናቸው፤ ውሳኔም ብዙ ጊዜ የቤተሰብ ነው። እነዚህን ሦስት ነገሮች ያላገናዘበ አሠራር ወረቀት ላይ ይቀራል።

ምን ምን ነገር ነው የምፈልገው?

ሦስት ቦታ ይፈለጋል። አንደኛው ሰውየው ራሱ ጋ ነው፦ ማንበብ ይችላል? ሰዓት ያከብራል? ከዚህ በፊት የጀመረውን ሕክምና ጨርሶ ያውቃል? የሳንባ ነቀርሳን የ6 ወር መድኃኒት አንድም ቀን ሳይዘል የጨረሰ ሰው፣ ዛሬ የደም ግፊት ሲገኝበት «በየቀኑ መድኃኒት መውሰድ አልችልም» ቢል ማስረጃው በእጃችሁ አለ። ሁለተኛው ቤቱ ውስጥ ነው፦ ማን ያበስላል፣ ማን ብሩን ይይዛል፣ ማን ሌሊት ይነቃል፣ ስልክ ያለው ማን ነው።

ሦስተኛው አካባቢው ሲሆን ብዙዎች የሚዘሉት ይህንን ነው። ገብሱ ደርሶ ሆስፒታል የተኛ የመንዝ ገበሬ መርፌው ሳያልቅ «ፈርሜ ልውጣ» የሚለው ሕክምናውን ንቆ ላይሆን ይችላል፤ አዝመራው ሜዳ ላይ ቀርቶበት ነው። «ደቦ ማን ይጠራልዎታል? ወንፈል የገቡት ከማን ጋር ነው?» ብሎ ጠይቆ ለሰውየው ስልክ ማስደወል የሰባት ቀን መርፌን ያስጨርሳል። ዕድሩ፣ ሰንበቴው፣ የቀበሌው ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ የታደሰ የማኅበረሰብ ጤና መድኅን ካርድ፣ መኪና መንገድ ዳር ያለ ዘመድ ቤት ሁሉ እዚህ ይመዘገባሉ።

ምን ብዬ ልጠይቅ?

«ጥንካሬዎ ምንድን ነው?» ተብሎ አይጠየቅም። ራስን ማመስገን ነውር በሆነበት አገር መልሱ ወይ ዝምታ ነው፣ ወይ «ምን ጥንካሬ አለኝ» ነው። ጥያቄው ስለ ተሠራ ሥራ ይሁን። የሚሠሩት እነዚህ ናቸው፦ «ከዚህ በፊት እንዲህ ሲታመሙ ምን ሲያደርጉ ነው የተሻለዎት?»፣ «ሲቸገሩ መጀመሪያ የሚጠሩት ማንን ነው?»፣ «ከታመሙም በኋላ ያልተዉት ሥራ ምንድን ነው?»፣ «ከዚህ ሲወጡ መጀመሪያ ሊያደርጉት የሚፈልጉት ምንድን ነው?»

አራተኛው ጥያቄ ግብ የሚወጣበት ነው። «ለፋሲካ ቤተ ክርስቲያን በእግሬ ልሂድ» ያሉ አዛውንት፣ ከአልጋ ወርደው በቀን ሦስት ጊዜ ኮሪደሩን የሚራመዱበትን ምክንያት ራሳቸው ሰጥተዋችኋል። አጠራሩም ጥንቃቄ ይደረግበት፦ «አባባ»፣ «እማማ»፣ «እትዬ»፣ «ጋሼ» እንደ ዕድሜው፣ ሁልጊዜም በአንቱታ። «አልጋ 7» ወይም «የስኳሯ» ተብሎ የተጠራ ሰው ስለ ራሱ ምንም አይነግራችሁም።

ከአፍ ከሚወጣው የማይተናነስ ነገር ደግሞ በዓይን ይታያል። ማን ምሳ አመጣ? ታካሚዋ ስትገለበጥ በየትኛው እጇ ትደገፋለች? የአጠገቧን ታካሚ ልጅ የምታባብለው ማን ናት?

ጊዜ የለኝም። ታካሚው በር ሞልቷል። እንዴት ነው የሚቻለው?

የተለየ ሰዓት አይያዝለትም፤ እጅ በሥራ ላይ እያለ ይጠየቃል። ቁስል ሲታጠብ፣ ካኑላ (የደም ሥር ቱቦ) ሲታሰር፣ አንሶላ ሲቀየር፣ መድኃኒት ሲታደል አንድ አንድ ጥያቄ ይበቃል። በሦስት ቀን ውስጥ ሦስት ተረኞች አንድ አንድ ጥያቄ ከጠየቁና ከጻፉ ምስሉ ይሞላል። አንድ ቦታ ግን አትጠይቁ፦ የደም ግፊት በሚለካበት ሰዓት። ማውራት ልኬቱን ከፍ ያደርገዋል፤ ታካሚው 5 ደቂቃ ዐርፎ፣ ጀርባውን ተደግፎ፣ እግሩን ሳያጣምር በዝምታ ነው የሚለካው።

በተመላላሽ ክፍል አንድ ጥያቄ ብቻ ካላችሁ «መድኃኒቱን ቤትዎ ውስጥ በምን ሰዓት፣ ከምን ጋር ነው የሚወስዱት?» በሉ። ከመልሱ ልማዱም፣ የሚያስታውሰው ሰውም፣ ስሕተቱም ይወጣል። ጠዋት ቡና የማይቀርበት ቤት የግፊት ክኒኑን ከቡናው ረከቦት አጠገብ ማስቀመጥ ከማንኛውም ምክር ይሻላል። ለነፍሰ ጡሯ የአይረን ክኒን ግን ይህ አይሆንም፤ ቡናና ሻይ አይረኑ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ስለሚያውኩ ቢያንስ የአንድ ሰዓት ልዩነት ይሰጠዋል።

በነርሲንግ ፕሮሰስ ፎርሙ ላይ የት ይጻፋል?

አዲስ ፎርም አያስፈልግም። የምንጠቀምበት የጎርደን ግምገማ (የታካሚውን ጤናና ኑሮ በየዘርፉ የሚጠይቅ ቅጽ) 11 ዘርፎች አሉት፤ ስለ ቤተሰብ ድርሻ፣ ስለ ጭንቀት አያያዝ፣ ስለ እምነትና እሴት የሚጠይቁት ቦታዎች አብዛኛውን ጊዜ «ችግር የለም» ተብለው ይታለፋሉ። ችግር ከሌለ እዚያ ያለው አቅም ነው፤ ስሙ ይጻፍ። «ከባለቤቷ እህት ጋር ትኖራለች፤ እህቲቱ ማንበብ ትችላለች፤ ስልክ አላት» የሚለው «ችግር የለም» ከሚለው የሚሻለው የመውጫውን ቀን ትምህርት ለማን እንደምትሰጡ ስለሚነግር ነው።

የነርስ ዲያግኖሲስ ላይም ጉድለትን ብቻ መጻፍ ግዴታ አይደለም። ናንዳ በሚባለው የታወቀ የነርስ ዲያግኖሲስ ዝርዝር ውስጥ ሰውየው ለማሻሻል ዝግጁ መሆኑን የሚገልጹ ዲያግኖሲሶች አሉ፤ ተጠቀሙባቸው። ፕላኑ ግን አራት ነገር ይኑረው፦ አቅሙ፣ ከአቅሙ ጋር የታሰረው ተግባር፣ የሚሠራው ሰውና የሚታይበት ቀን። የሚበላሸው እዚህ ነው። አቅሙ ግምገማው ላይ ይሰፍራል፣ ፕላኑ ላይ ግን «ምክር መስጠት» የሚለው ቃል ከትናንትናው ካርድ ይገለበጣል። በተረኛ ርክክብ ላይም ከሕመሙና ከመድኃኒቱ ቀጥሎ አንድ ዐረፍተ ነገር ይጨመር፦ «ዛሬ ራሳቸው ምን ሠሩ?»

አስታማሚው ምን ይሥራ? ምን አይሥራ?

አስታማሚ በእኛ ዋርድ ትልቁ አቅም ነው፤ ሳይማር ሲሠራ ደግሞ ትልቁ አደጋ ይሆናል። ተምሮ ሊሠራ የሚችለው፦ በስትሮክ ወይም በስብራት የተኛን ሰው በየ2 ሰዓቱ ማገላበጥ፣ ተረከዝን፣ ዳሌንና ጅራት አጥንትን በየቀኑ ማየት፣ አፍ ማጽዳት፣ የተጠጣውንና የተሸናውን መመዝገብ፣ መገጣጠሚያ ማንቀሳቀስ፣ በአፍ መመገብ። የመገላበጫ ሰዓቱን በኢትዮጵያ ሰዓት አቆጣጠር ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ግድግዳው ላይ ለጥፉ፤ ማንበብ ለማይችል ፊቱ ወደ መስኮት፣ ወደ ጣሪያ፣ ወደ በር የሚል ተራ ይበቃል።

የማይሠራው፦ የኦክስጅን መጠን መቀየር፣ የግሉኮስ ጠብታን ማፍጠን ወይም ማዘግየት፣ የደም ሥር መድኃኒት መስጠት፣ በአፍንጫ የገባ ቱቦ ቦታው ላይ መሆኑን መወሰን። በቱቦ መመገብን ቤት ይዘውት የሚሄዱ ከሆነ ይማራሉ፤ ዋርድ ውስጥ ግን ቱቦውን ከእያንዳንዱ ምግብ በፊት የምታረጋግጠው ነርሷ ናት። የአልጋው ራስጌ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ከፍ ይላል፤ ከምግብ በኋላም ቢያንስ ግማሽ ሰዓት እንደዚያው ይቆያል። አስታማሚው የዛለ፣ የደከመ፣ ሦስት ሌሊት ያልተኛ ሰው መሆኑን እዩ፤ ተለዋጭ ማን እንዳለ ጠይቁ። ለማስተማር የመጨረሻው ቀን አይጠበቅ፤ ካርዱ ተዘግቶ፣ መኪና ተጠርቶ፣ ሒሳብ እየተከፈለ የሚነገር ምክር አንዱም አይያዝም።

ማስተማራችሁን የምታረጋግጡት «ገባዎት?» ብላችሁ አይደለም፤ መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» ነው። «ቤት ያለችው ልጅዎ ብትጠይቅዎ እንዴት አድርገው ያሳዩዋታል?» በሉና አሠሯቸው።

ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን ላይ ይሠራል?

እንዲያውም ከሁሉ ጎልቶ የሚታየው እዚህ ነው፤ ሙቀቱ የሚመጣው ከእናቲቱ ገላ ነውና። ያለ ጊዜው ለተወለደ ወይም ክብደቱ ዝቅ ላለ ሕፃን የካንጋሮ እንክብካቤ ከተወለደ በኋላ ወዲያው ተጀምሮ በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት፣ በተቻለ መጠን ረዝሞ ይሰጣል። ሕፃኑ ዳይፐርና ቆብ ብቻ ለብሶ ከእናቱ ደረት ጋር ቆዳ ለቆዳ ይገናኛል፤ እግሩ እንደ እንቁራሪት ይታጠፋል፣ አንገቱ ወደ ጎን ዞሮ በትንሹ ቀና ይላል፣ ከላይ በነጠላ ይታሰራል፣ ጋቢ ይደረባል። የደብረ ብርሃን ብርድ ሲያይል ጋቢውን ሕፃኑና እናቱ መሐል ማስገባት የተለመደ ስሕተት ነው፤ መሐላቸው ምንም ጨርቅ አይገባም።

እናቲቱ በቀዶ ጥገና የወለደች ወይም የደከመች ከሆነች አያትየዋ፣ አክስት ወይም አባትየው ይተካሉ። ባል «ይህ የሴት ሥራ ነው» ብሎ እንዳይሸሽ ሌሎች ሰዎች ሳይኖሩ፣ መጋረጃ ስባችሁ አስጀምሩት፤ አንድ ሰዓት ከያዘው በኋላ የሕፃኑን የሰውነት ሙቀት ለክታችሁ ቁጥሩን ለራሱ አሳዩት።

ኢንሱሊን የጀመረ የስኳር ታካሚ ላይ እንዴት ይሠራል?

ከታካሚው መንደር ይጀመራል። በአንድ ዞን ውስጥ ሆነው ከ2,800 ሜትር በላይ ባለችው ደብረ ብርሃንና ወደ 1,300 ሜትር ገደማ በምትወርደው ሸዋ ሮቢት የኢንሱሊን አቀማመጥ ምክር አንድ ሊሆን አይችልም። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀመጣል፤ የተከፈተው ብልቃጥ ከ30 ዲግሪ በታች በሆነ ቦታ እስከ 28 ቀን ያገለግላል። ቆላ ላይ ፍሪጅ የሌለው ቤት የሸክላ ገንቦ አለው፦ በትልቁ ሸክላ ውስጥ ትንሽ ሸክላ አስቀምጦ መሐሉን በእርጥብ አሸዋ ሞልቶ፣ ብልቃጡን በላስቲክ ጠቅልሎ ውስጡ ማስቀመጥ። አሸዋው በየቀኑ ይርጠብ፤ ሸክላው አየር የሚነፍስበት ጥላ ሥር ይሁን። ደጋ ላይ ሥጋቱ ይገለበጣል። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ብልቃጡ ውጭ ወይም በቀዝቃዛ ግድግዳ ሥር ካደረ ሊረጋ ይችላል፤ አንዴ የረጋ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይሠራም፣ ይጣላል። ምልክት የማያሳይበት ጊዜም ስላለ ውርጭ አድሮበት እንደሆነ ከተጠራጠሩ አይወጉት።

የመርፌው ልምምድ በሦስት ይከፈላል፦ መቅዳት፣ መጠን ማንበብ፣ መውጋት። ሦስቱን አንድ ሰው መቻል የለበትም። ከላይ እንደጠቀስናቸው ፈታይ እናት አንዱን ታካሚው፣ ሌላውን ልጅ ሊይዘው ይችላል። መጠን የማያነብና ብቻውን የሚኖር ሰው ከሆነ በሲሪንጁ ላይ በታዘዘለት መስመር ፕላስተር መለጠፍ ይረዳል፤ መጠኑ በተቀየረ ቁጥር ግን የቀድሞዎቹ ሲሪንጆች ሁሉ ተሰብስበው ይጣላሉ፣ አለዚያ የድሮውን ይወጋል። ደመናማው ኢንሱሊን በመዳፍ መሐል ይንከባለላል እንጂ አይናጥም፤ ወተት መናጥ በተለመደበት ቤት ይህ ደጋግሞ መነገር አለበት።

ታካሚዬ ጾም አልፈታም አለ። ጥንካሬ ነው ወይስ እንቢታ?

እምነቱ አቅም ነው፤ ቀኑን በሰዓት መምራት፣ ራስን መግዛት፣ የገቡትን ቃል መጠበቅ የሚያስተምር ሌላ ትምህርት ቤት የለም። ስለዚህ በመቃወም አትጀምሩ። የትኛውን ክፍል እንደሚጾም ጠይቁ፦ ከሥጋና ከወተት መታቀቡን ነው ወይስ እስከ ቀትር ወይም እስከ 9 ሰዓት ምንም አለመቅመሱን? የመጀመሪያው ለስኳር ታካሚ ብዙ አያስቸግርም፤ ሽሮ፣ ምስርና ክክ ይበላሉ፣ የእንጀራው ብዛት ግን ይታይ። አደጋው ሁለተኛው ላይ ነው፤ በተለይ ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የተባለውን የስኳር ክኒን ለሚወስድ። 55 ቀናት ያለው ዓቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ቀጠሮ ይያዝ፣ መጠኑንና ሰዓቱን ሐኪሙ ይወስን። የይፋትና የአካባቢው ሙስሊም ታካሚዎችም ከረመዳን በፊት እንዲሁ ይቀጠሩ፤ ሱሁርን (ከንጋት በፊት የሚበላውን) መዝለል ለእነሱ ዋናው አደጋ ነው።

የማይደራደሩበት ነገር ይኑራችሁ። የደም ስኳር ከ70 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ከወረደ፣ ወይም ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ መደናገር ከመጣ ጾሙ ወዲያው ይፈታል፦ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ ተበጥብጦ ይጠጣል፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለካል። ዓይነት 1 ስኳር ያለበት ሰው ኢንሱሊኑን ጨርሶ አያቋርጥም። የንስሐ አባቱን ራሱ ታካሚው እንዲያነጋግር ጠይቁ፤ ለሕመምተኛ ጾም እንደሚላላ ከነርስ አፍ ከሚሰማ ከንስሐ አባቱ ቢሰማው ልቡ ያርፋል።

ጸበል ልሄድ ነው ብሎ መድኃኒት የሚያቆምስ?

ሸንኮራ ዮሐንስም ሆነ ሌላ ጸበል የሚሄድ ሰው ሳይነግራችሁ እንዲሄድ ካደረጋችሁት ተሸንፋችኋል። «ይሂዱ፤ ስንት ቀን ነው ሱባዔው? መድኃኒቱን እንሙላልዎት» በሉ። መድኃኒትና ጸበል አይጣሉም የሚለው የነርሶች ሐሳብ ብቻ አይደለም፤ በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒትን ከጸበል ጋር መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናግረዋል። ይህን ማወቅ ከክርክር ያሳርፋል።

ከዚያ ዝርዝሩን ሥሩ። ለሱባዔው ቀናት የሚበቃ መድኃኒት፣ ከዚያ ላይ የአንድ ሳምንት ትርፍ ይያዝ። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ፌኖባርቢታል በድንገት ካቆመ የማያባራ መንቀጥቀጥ ሊመጣበት ይችላል፤ ሲጠመቅም ብቻውን አይሁን። የልብ ድካም ወይም የኩላሊት ታካሚ በባዶ ሆዱ ብዙ ሊትር ጸበል ከጠጣ ሊያብጥና ትንፋሽ ሊያጥረው ስለሚችል በትንሽ ስኒ መቀበልን አስቀድሞ ከአገልጋዩ ጋር ይነጋገር። አዲስ የተገኘ የሳንባ ነቀርሳ ታካሚ በብዙ ሰው መሐል በሚታደርበት አዳራሽ ሌሎችን እንዳያስይዝ ጉዞውን ሐኪሙ እስኪፈቅድለት ቢያቆየው ይሻላል።

ታካሚው «እኔ ምን አቅም አለኝ» እያለ ከተዘጋስ?

አትከራከሩት። «የለም፣ ጠንካራ ነዎት» ማለት አለመስማት ነው። በዚያው ቀን ሊሳካ የሚችል አንድ ትንሽ ሥራ ስጡት፦ ፊቱን በራሱ መታጠብ፣ ኩባያ በደካማ እጁ መያዝ፣ ክኒኖቹን አንዱን ከሌላው መለየት። ሲሠራው ስሙን ጠርታችሁ ያያችሁትን ንገሩት፦ «ትናንት ደግፌዎት ነበር፤ ዛሬ ብቻዎን ተቀመጡ።» ሁለት ሳምንት ያለፈው፣ እንቅልፍ የሌለው፣ ምግብ የዘጋ፣ ከምንም ደስታ የማያገኝ ሰው ከሆነ ግን ይህ ድባቴ ሊሆን ይችላል፤ ለአእምሮ ሕክምና ክፍል ይላካል። ራሱን ስለ ማጥፋት ማሰቡን በቀጥታ ጠይቁ፤ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣም። ካለ ብቻውን አይተው።

ትዕግሥት ጥንካሬ አይደለም?

ነው፤ ሰው የሚሞትበትም እሱ ነው። በእኛ አካባቢ ምጥን በዝምታ ማለፍ፣ ሕመምን ዋጥ ማድረግ የሚከበር ነገር ነው፤ «እንዴት ዋሉ?» ሲባሉም «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ። ይህ ሰላምታ ነው፣ ሪፖርት አይደለም። ሕመሙን በሥራ ጠይቁ፦ «ሌሊት ስንት ጊዜ ነቁ? ሲያስሉ ሆድዎን ይይዛሉ? ከዐሥር ጣትዎ ስንቱን ያህል ያምምዎታል?» ከቀዶ ጥገና በኋላ ሕመሙን የዋጠ ታካሚ በደንብ አይተነፍስም፣ አያስልም፣ ከአልጋ አይወርድም፤ የሳንባ ምችና የእግር ደም መርጋት የሚመጣው ከዚያ ነው። «ይቻለኛል» ላለ ሰው «ማስታገሻውን የሚወስዱት እንዲራመዱ ነው» ብላችሁ ትዕግሥቱን ወደ መራመዱ አዙሩት።

የወለደች እናት ላይ ደግሞ ቅሬታ አትጠብቁ። በመጀመሪያዎቹ 2 ሰዓታት በየ15 ደቂቃው የደም ግፊት፣ የልብ ምት፣ የማሕፀን መጠንከርና የደም መፍሰስ ይታያል፤ ሞዴስ ከ5 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ከራሰ ዝም ብላም ብትተኛ ድንገተኛ ነው። አልቅሳ ከምትጠራችሁ ይልቅ ዝም ያለችዋን ቀድማችሁ እዩ።

ውሳኔው የባል ወይም የታላቅ ወንድም ሲሆን የታካሚዋ ምርጫ የት ይገባል?

መጀመሪያ እሷን ብቻዋን አነጋግሩ፤ ልብስ ለመቀየር ወይም ለምርመራ ብላችሁ ሰዎቹን ማስወጣት ይቻላል። የምትፈልገውን ካወቃችሁ በኋላ ለሰዎቹ ማን ቢናገርላት እንደምትመርጥ ጠይቁ። አማቷን፣ ወንድሟን፣ ነርሷን? አንዳንዷ ራሷ መናገር ትችላለች፤ ያላገኘችው እናንተ አጠገቧ መቆማችሁን ነው። ለቀዶ ጥገና የሚፈርመው ታካሚዋ ራሷ እንደሆነች፣ ራሷን እስካወቀች ድረስ ማንም እንደማይፈርምላት ቤተሰቡ በግልጽና በአክብሮት ይነገረው። በቤቷ የሚመታት ሰው ካለ ያንን ሰው «የቤተሰብ ድጋፍ» ብሎ ካርድ ላይ መጻፍ አደገኛ ነው።

ጓንት፣ መድኃኒትና አልጋ ሲጠፋ «ታካሚው አቅም አለው» ማለት ኃላፊነትን ማሸሽ አይሆንም?

ሊሆን ይችላል፤ ጥያቄው በቁም ነገር መወሰድ አለበት። መለያው ይህ ነው፦ ለታካሚው የምንሰጠው ተግባር እሱ ከእኛ ይልቅ በደንብ የሚሠራው ነገር ነው ወይስ እኛ ያልሠራነው? ሴት ልጅ እናቷን ማጉረሷ የመጀመሪያው ነው። ሌሊቱን ሙሉ ኦክስጅን ሲያልቅ እንድትጠብቅ ማድረግ ሁለተኛው ነው። ሁለተኛው በሚሆንበት ቀን እንደ አቅም አይጻፍም፤ የጎደለ አገልግሎት ተብሎ ለዩኒት ኃላፊና ለማትሮን (ለነርሶች ኃላፊ) ሪፖርት ይደረጋል።

ከጦርነት ለተፈናቀለ ወይም ሐዘን ላይ ላለ ሰውስ?

ደብረ ብርሃን ብዙ ተፈናቃይ የተጠለለባት ከተማ ስለሆነች ጥያቄው በየቀኑ ይመጣል። ቤቱን፣ ከብቱን፣ ሰውን ያጣን ሰው «ይህን ሁሉ አልፈሃል፣ ጠንካራ ነህ» ማለት እንዳያለቅስ መከልከል ነው። የሆነውን እንዲተርክም አትጫኑት። የሚያስፈልገው መጀመሪያ ውኃ፣ ምግብ፣ ሙቀት፣ የጠፋ ዘመድ ፍለጋና የተቋረጠ መድኃኒት መቀጠል ነው፤ የግፊት፣ የኤችአይቪ፣ የስኳርና የሚጥል በሽታ መድኃኒት ስሙን ባያስታውስ እንኳ ቀለሙን፣ ቅርጹንና በቀን ስንት ጊዜ እንደሚወስደው ጠይቁ።

አቅሙ የሚገኘው በቀድሞ ሥራው ውስጥ ነው። መምህር የነበረው፣ የዕድር ዳኛ የነበረው፣ ልምድ አዋላጅ የነበረችው በመጠለያው ውስጥም ያው ሰው ናቸው። ሲፈልጉና ሲዘጋጁ ብቻ፣ በትንሹ፣ ከምሳ በኋላ ክኒን የሚወስዱትን ጎረቤቶች ማስታወስ ወይም ነፍሰ ጡሮችን ወደ ክትትል ይዞ መምጣት ሊሰጣቸው ይችላል። እንቢ ካሉ በሚቀጥለው ሳምንት ደግማችሁ ጠይቁ፤ እስከዚያ ግን ስማቸውን፣ የነበሩበትን ቀበሌና የቀድሞ ሥራቸውን ካርዳቸው ላይ ጽፋችሁ አኑሩ።